የአሥራ አምስት ደቂቃ አጠቃቀም በጊጊሪ፦ በኢትዮጵያዊው ጽሑፍ አቅራቢ ላይ የተደረገ ምልከታ

ይህ ጥናት ትኩረት የሚያደርገው ጊጊሪ በሚካሄዱ ዓለም አቀፍ ጉባኤዎች ላይ ጥናታዊ ጽሑፍ በሚያቀርበው ኢትዮጵያዊ ላይ ነው። ጊጊሪ ከናይሮቢ መሀል ወደ ሰሜን ወጣ ብሎ፣ ከካሩራ ደን አጠገብ ያለ ሰፈር ነው። በ1972 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ዋና መሥሪያ ቤትም፣ ኢክራፍ የተባለው የአግሮፎረስትሪ ምርምር ማዕከልም እዚያ ናቸው። ናይሮቢ ከቦሌ የሁለት ሰዓት ያህል በረራ ነው። የጥናቱ ዘዴ ተሳትፏዊ ምልከታ ሲሆን፣ ከኋላ ወንበር ሶኬት አጠገብ በመቀመጥ ተከናውኗል።

በመጀመሪያ ዝግጅቱን እንመልከት። ጽሑፉ ተቀባይነት ማግኘቱ በኢሜይል ከተነገረበት ቀን እስከ ጉዞው ዋዜማ ድረስ ወራት አሉ። ወራቱ የሚያልቁት በደብዳቤ ነው። ከትምህርት ክፍል ወደ ዲን፣ ከዲን ወደ ምክትል ፕሬዚዳንት፣ ከዚያም ወደ ፋይናንስ የሚመራው ደብዳቤ ስለ ትኬትና ስለ ውሎ አበል በዝርዝር ያስረዳል፤ ስለ ጥናቱ ግን «ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው» ብሎ ያልፋል። ስላይዱ የሚጀመረው ቦሌ ተርሚናል ውስጥ ነው። አሠራሩ አያስቸግርም፤ ከመመረቂያ ጽሑፉ አንድ ሙሉ ገጽ ተገልብጦ ይለጠፋል፣ አልገባም ሲል ፊደሉ ይቀነሳል። ኋላ መድረክ ላይ «ትንሽ ሳይደቅባችሁ አይቀርም» የሚባለው ይኸው ነው።

ፓወር ፖይንት ለማኪንቶሽ ኮምፒውተር ተሠርቶ ገበያ ላይ የዋለው በ1987 እ.ኤ.አ. ነው፤ በዚያው ዓመት ማይክሮሶፍት የሠራውን ኩባንያ በ14 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ ሮም ላይ የተካሄደው በ1959 እ.ኤ.አ. መሆኑን ስናስብ፣ እነዚያ ሊቃውንት «ቀጣዩ ስላይድ» ሳይሉ ንግግራቸውን እንዴት እንደገፉት ራሱን የቻለ ምርምር ይሻል።

ለመስኩ ጥሩ መነሻ የሚሆነን ሁለተኛው የዓለም አግሮፎረስትሪ ጉባኤ ነው። ጊጊሪ ላይ የተከፈተው ነሐሴ 17 ቀን 2001 ዓ.ም. ነበር። ቀኑን ልብ ይሏል፤ ፍልሰታ የተፈታው ነሐሴ 16 ነው። በፆም ፍቺ ማግስት ኛማ ቾማ የሚሉት ሥጋ ከሚጠበስበት ከተማ የገባ አጥኚ ከምሳ በኋላ ያለው ክፍለ ጊዜ ቢደርሰው፣ በድምፁ ላይ የሚታየውን መለዘብ ከዚህ ተለዋዋጭ ነጥሎ መለካት አይቻልም።

በዚያ ዘመን በፍላሽ ተይዞ የሚመጣው ስላይድም የራሱ ጣጣ ነበረው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ቢሆንም፣ ዊንዶውስ አማርኛን በወጉ ማሳየት የጀመረው በ2007 እ.ኤ.አ. ከወጣው ቪስታ ወዲህ ነው። አዳራሹ ውስጥ ያለው ኮምፒውተር የቀድሞው ዊንዶውስ ኤክስፒ ከሆነ፣ አቅራቢው ለአገር ክብር ብሎ በአማርኛ የጻፋቸው የዛፍ ስሞች ባዶ አራት ማዕዘን ሆነው ይወጣሉ። «እዚህ ጋ ዋንዛ ነበር» ይላል፣ በጨረር መጠቆሚያው ሣጥኖቹን አንድ በአንድ እየነካ። ተሰብሳቢው ማስታወሻ ይይዛል።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር ማንሳት ይገባል። ስዋሂሊ ተናጋሪው ኬንያዊ ጠዋት ላይ የሚለው ሦስት ሰዓት የእኛው ሦስት ሰዓት ነው፤ ሁለቱም አገሮች የሚቆጥሩት ከፀሐይ መውጫ ነው። ሆኖም ሁለቱ ጎረቤታሞች ጊጊሪ ሲገናኙ የሚቀጣጠሩት በዘጠኝ ሰዓት ነው። ሁለቱም በየልባቸው ስድስት ይቀንሳሉ፣ ሁለቱም ያረፍዳሉ።

አሁን ለአቅራቢው ወደተሰጠው አሥራ አምስት ደቂቃ እንግባ። አወያዩ ስም ጠርቶ የአቅራቢውን የሕይወት ታሪክ ሲያነብ ሁለት ደቂቃ ይሄዳል። አቅራቢው አወያዩን፣ አዘጋጆቹን፣ ስፖንሰሩን፣ ዩኒቨርሲቲውንና «በመካከላችን የሚገኙትን» አማካሪውን ያመሰግናል። ቀጥሎ የጥናቱ አካባቢ ካርታ ይመጣል። በመጀመሪያ አፍሪካ፤ ከአፍሪካ ውስጥ ኢትዮጵያ በቀይ ቀለም፤ ከኢትዮጵያ ክልሉ፣ ከክልሉ ዞኑ፣ ከዞኑ ወረዳው፣ ከወረዳው ቀበሌው። ፊት ለፊት የተቀመጡት ሞያሌን ከእኛ ጋር የሚካፈሉ ኬንያውያን ኢትዮጵያ የት እንደምትገኝ በጥሞና ይከታተላሉ። ካርታው ላይ የሰሜን አቅጣጫ ምልክት አለ፤ ስለ እሱም ይነገራል።

ቀበሌው ላይ ተደርሶ ከተመለሰ በኋላ ታሮ ያማኔ ይመጣል። በ1967 እ.ኤ.አ. መጽሐፉ የምንጠቅሰው የናሙና ቀመሩ የማይገባበት የማስተርስ ጽሑፍ በአገራችን ብርቅ ነው። አቅራቢው ቀመሩን በቃሉ ይወጣዋል፤ ጠቅላላውን የአባወራ ብዛት ይተካል፣ ያካፍላል፣ ውጤቱን ወደ ላይ ያጠጋጋል። በዚህች ቅጽበት ድምፁ ይሞላል። አወያዩ ከፊት ሆኖ «1 ደቂቃ» የሚል ወረቀት የሚያነሳውም ያኔ ነው።

የጥናቱ ውጤት የሚገኘው ከዚህ ወዲህ ነው። «ከሰዓት እጥረት አንጻር ቶሎ ቶሎ ልለፈው» ይባልና ስላይዶቹ መሮጥ ይጀምራሉ፤ ሰንጠረዥ፣ ግራፍ፣ ኮከብ የበዛበት ሌላ ሰንጠረዥ፣ በእንሰት ሥር የቆመ ገበሬ ፎቶ፣ «አመሰግናለሁ»። ሁለት ዓመት በዝናብና በጭቃ የተለቀመ መረጃ ዓይን ተከፍቶ እስኪከደን ድረስ ይታያል።

ጥያቄው ሲከፈት የውጭ ዜጎቹ «በጣም አስደሳች ነው» ይላሉ። የሚጠይቀው የአገር ልጅ ነው። «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው» ብሎ ተነስቶ፣ የራሱን ጥናት ከነካርታው ይጀምራል።

የዚህ ጥናት ዋና ግኝት የተመዘገበው በሻይ እረፍት ነው። ስለ ጌዴኦ እርሻ ያቀረበ አንድ አጥኚ፣ ውጭ ሣሩ ላይ ቆሞ፣ ለማያውቃት አንዲት ተመራማሪ የሥራውን ፍሬ ነገር ሲነግራት ተሰምቷል። ግራ እጁን ከፍ አድርጎ «ይኼ ትልቁ ዛፍ ነው፤ እንሰቱን ያጠላለታል» አላት፤ ቀኝ እጁን ከሥሩ አስገብቶ «ይኼ እንሰቱ ነው»፤ የሻይ ስኒዋን ዝቅ አድርጎ «ቡናው እዚህ ነው፤ ዛፉን ከቆረጥሽው ሦስቱም ይሄዳሉ» አላት። ሻይዋ ሳይቀዘቅዝ ጨረሰ። ዩኔስኮ ያንኑ መልክዓ ምድር በ2023 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ከዚህ ብዙም የራቀ ነገር አልጻፈም።

ተመራማሪዋ ይህን አዳራሽ ውስጥ ለምን እንዳልተናገረው ጠየቀችው። «ሰዓት የለማ!» አላት። ታዲያ ለምን ከውጤቱ አትጀምርም ብትለው ቅር ተሰኘ፤ ትንሽ አሰበና ስኒውን አስቀመጠ።

«ካርታው የት ሊገባ?»