«ጨጓራ ነው!»

በአገራችን ሆዱን ያመመው ሰው ሐኪም አያጣም። ገና ፊቱን ሲያጨማድድ ጎረቤት «ጨጓራ ነው» ብላ ተልባ ታዛለች። አክስት «ምች መትቶህ ነው» ብለው ዳማከሴ ይጨምቃሉ። የመሥሪያ ቤት ባልደረባ ፌጦ ያዛል፤ ፌጦው ያቃጠለውን ለማብረድ እንደገና ተልባ ይመጣል። የጨጓራ መድኃኒቱ ኦሜፕራዞልማ ከቡና ቁርስ እኩል ሆኗል።

ክሊኒክ ሲገባ ደግሞ ታይፎይድ ይጠብቀዋል። ከ1896 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው የታይፎይድ ምርመራ፣ ዊዳል፣ ባክቴሪያውን ሳይሆን አንቲቦዲውን ስለሚያይ፣ ያለፈ ሕመምንም ክትባትንም እንደ ትኩስ እንግዳ ሊቀበል ይችላል። የጨጓራው ባክቴሪያ የኤች ፓይሎሪ የደም ምርመራም ጀርሙ ከጠፋ ከወራት በኋላ «አለ» ማለቱን ላይተው ይችላል። አውስትራሊያዊው ባሪ ማርሻል በ1984 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ባክቴሪያ ጠጥቶ ጨጓራውን አሳመመ፤ በ2005 እ.ኤ.አ. ከሮቢን ዋረን ጋር ኖቤል ተሸለመ። የእኛ ሰው ምንም ሳይጠጣ በየዓመቱ «ፖዘቲቭ» ይባላል፤ ሽልማቱም ሌላ ዙር አንቲባዮቲክ ነው።

የሐሞት ጠጠር፣ የወተት አለመስማማት፣ በሆድ ግድግዳ የተቆነጠጠ ነርቭ፣ ጭንቀት የሚያባብሰው አንጀት ግን ተራቸውን ሲጠብቁ ይመሻል። «ሕመሙ መቼ ይጀምርዎታል? ከምን በኋላ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጠፍቷላ! ጥያቄ ደግሞ ላብራቶሪ አይፈልግም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ክብደትዎ ያለ ምክንያት ከቀነሰ፣ ሰገራዎ ከጠቆረ ወይም ምግብ መዋጥ ካቃተዎ፣ ጎረቤትዎን አመስግነው ሆስፒታል ይሂዱ። ተልባው ይደርሳል።