ከአምበር የቀረበ የአስተናጋጅነት ማመልከቻ

ለኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ አክሲዮን ማኅበር
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ አምበር የሊጉ አስተናጋጅ ከተማ እንድትሆን ስለመጠየቅ

እኛ በአነደድ ወረዳ፣ በአዲስ አበባና ደብረ ማርቆስ መንገድ ላይ ባለችው በአምበር የምንኖር የባሕር ዳር ከነማ ደጋፊዎች ነን። ከተማችንን ብንመረምራት መስፈርታችሁን በሙሉ አሟልታ አገኘናት።

አንደኛ፣ ገለልተኛ ነን። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ እንዳስተማራችሁን፣ መልካም ሜዳ ማለት የሁለቱም ተጋጣሚዎች ያልሆነ ሜዳ ነው። በዚያ ዓመት ውድድሩ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ሲዞር፣ ፋሲል ከነማ ጎንደር ላይ አንድም የሊግ ጨዋታ ሳያደርግ ሻምፒዮን ሆነ። አምበርማ የፕሪሚየር ሊግ ክለብ የላትም፤ እዚህ የሚመጣ ቡድን ሁሉ እኩል ባይተዋር ነው።

ሁለተኛ፣ መቀመጫ የለንም። ይህ እንደ ጉድለት እንዳይቆጠርብን። ሁለት ቡድኖች በሥራ ቀን በሰው ከተማ ሲገጥሙ፣ ካሜራው ዞር ባለ ቁጥር የሚያሳየን ባዶ ኮንክሪት ነው። እኛ ዘንድ ቢያንስ ከብት አይጠፋም። ከብት ደግሞ ዳኛ አይሳደብም፤ ድንጋይም አይወረውርም።

ሦስተኛ፣ አየራችን ተስማሚ ነው። በድሬዳዋ ሙቀት ለውኃ ዕረፍት የሚለምን ተጫዋች እዚህ የሚለምነው ጋቢ ነው።

ምክንያታችሁን አንክድም። የ2012ቱ ውድድር በኮሮና ተሰርዟል። በማግሥቱ ቡድኖቹን አንድ ቦታ ሰብስቦ ማጫወት ብልሃት ነበር፤ ለቀጥታ ሥርጭቱም ቀለለ። የደጋፊዎች ጠብ ነበር፤ የመንገዱም ሰላም ሁልጊዜ አስተማማኝ አልነበረም። ኮሮናው ግን ሲሄድ ብልሃቱ ለዓመታት ከረመ። ብዙዎቹ ክለቦች የሚኖሩት በከተማ አስተዳደር በጀት ነው፤ ከተሜው በግብሩ ያቆመውን ቡድን ግን ከእሱ ይልቅ የአስተናጋጅ ከተማ ሆቴሎች ያውቁታል። ባሕር ዳር ከነማ አዳማ ላይ «ባለሜዳ» ሲሆን፣ የእኛ ሰው ቡድኑን በሜዳው ለማየት የዐባይን በረሃ ወርዶ፣ ጎሐ ጽዮንን ወጥቶ፣ አዲስ አበባን አቋርጦ መሄድ አለበት።



ብሔራዊ ቡድናችንም ከሜዳ አልባነት አልዳነም። በ1954 ዓ.ም. ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣነው አዲስ አበባ ላይ ነበር። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍም ባለሜዳዎቹ እኛው ነበርን፤ ሜዳው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነበር። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (ካፍን) በ1949 ዓ.ም. ካቋቋሙት አገሮች አንዷ፣ ካፍ የሚቀበለው ሜዳ አጥታ ድሏን በሰው አገር አከበረች። በአገር ውስጥ ሜዳ አልባነትን ደንብ አድርገን ስንኖር፣ ውጭ አገር መሰደዱ ማንን ያስደንቃል?

ማመልከቻችን ውድቅ ከሆነ አንድ አማራጭ እናቀርባለን፦ እያንዳንዱ ክለብ ግማሹን ጨዋታ በራሱ ከተማ ያድርግ። ሜዳው ያልበቃ ክለብ ቀነ ገደብ ይሰጠው፤ ከቴሌቪዥን ገቢው ድርሻም ለሜዳው ማደሻ ይያዝለት። አሠራሩ እንግዳ እንደሚመስላችሁ እንረዳለን፤ የተቀረው ዓለም ግን ሊግ የሚለው ይህንኑ ነው።

ከሠላምታ ጋር
የአምበር ደጋፊዎች

ግልባጭ፦
ለየከተማው ግብር ከፋይ፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት
ለአስተናጋጅ ከተሞች ሆቴሎች፣ ተቃውሞ ካላቸው በ5 ቀን ውስጥ እንዲያቀርቡ