አሻንጉሊቷን አትንኩብን

የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠናን የሚያማ ሰው በዝቷል። «ሠልጣኙ አንድ ዕቃ ሳይነካ ሰርተፍኬት ተቀብሎ ወጣ» ይላሉ። የመሥሪያ ቤት አሠራር ባያውቁ ነው። ማሠልጠኛ መሣሪያ የሚገዛው ሰው እንዲማርበት ነው ብሎ ማን ነገራቸው? የሚገዛውማ በሞዴል 19 ገቢ እንዲሆን፣ ቁጥር እንዲለጠፍበት፣ በዓመቱ መጨረሻ ቆጣሪ ኮሚቴ ሲመጣ «አለ» እንዲባል ነው። የተነካ ዕቃ ይበላሻል፤ የተበላሸ ዕቃ ያስጠይቃል። ሰው ቢሞት ግን ንብረት ክፍልን የሚጠይቅ የለም።

ስለዚህ እኔ ጥብቅና የቆምኩት ለእትዬ አን ነው። እትዬ አን ማለት ያቺ ከወገቧ በታች የሌላት፣ ዓይኗን የጨፈነች የፕላስቲክ መለማመጃ አሻንጉሊት ናት። ትውልዷ ኖርዌይ፣ ስታቫንገር ከተማ ነው። የሠራት አስሙንድ ሌርዳል የልጆች መጫወቻ አምራች ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1960 ያወጣትም በዚያን ጊዜ አዲስ የነበረውን የአፍ ለአፍ ትንፋሽ ሰው ሁሉ በራሱ አፍ እንዲለማመድባት ነው። መልኳን ያገኘችው በፓሪስ ሴን ወንዝ ሰጥማ ሞተች ከምትባል፣ ስሟ ካልታወቀ ወጣት ሴት የፊት ቅርጽ ነው። ኋላ የደረት ግፊትም እንዲለማመዱባት ደረቷ ውስጥ ሞላ ተገጠመላት። የፊቷ ሽፋን ይወልቃል፣ ይታጠባል፣ ሲያረጅ ይቀየራል። ሳንባዋ የላስቲክ ከረጢት ነው፤ ተጥሎ ሌላ ይገባል። ባጭሩ ሰውየው የሠራት እንድትገፋ፣ እንድትነፋ፣ እንድታልቅ ነው። እኛ ከፈጣሪዋ ይልቅ ርኅሩኆች ሆነን ተገኘንና ከነላስቲኳ አስቀመጥናት።

አከባበራችንን ላላየ ሰው ላውጋ። ሥልጠናው አዳማ ወይም ቢሾፍቱ ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሎ አበል ስለሌለ የማንም ልብ አይቆምም። ጠዋት ባነር ይሰቀላል፣ ስም ይመዘገባል፣ የመክፈቻ ንግግር ይደረጋል፤ ከንግግሩ በኋላ ሻይ አለ፤ ከሻዩ በኋላ ስላይድ አለ። እትዬ አን የምትገባው ከምሳ በኋላ፣ ግማሹ አዳራሽ ሲያንጎላጅ ነው። ነጭ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ፣ በአበባ ማስቀመጫውና በታሸገው ውኃ መካከል ትጋደማለች። አሠልጣኟ ሲስተር ቀስ ብለው አምስት ጊዜ ያህል ደረቷን ተጭነው ያሳያሉ። ከፊርማ ጋር የተረከቧት እሳቸው ናቸውና እጃቸው ቢፈራ አይፈረድባቸውም። ሠልጣኙ በስልኩ ይቀርጻል። «ጥያቄ አለ?» ሲባል ከኋላ አንድ እጅ ይወጣል፤ «ሲስተር፣ አበሉ ዛሬ ነው ወይስ ነገ?»

ከዚያ የክብር ተጫኙ ይጋበዛሉ። ሥራ አስኪያጁ ኮታቸውን ሳያወልቁ፣ ክራባታቸው የእትዬ አንን አፍንጫ እየዳሰሰ፣ ክርናቸውን አጥፈው ሁለት ጊዜ ጫን ጫን ያደርጋሉ። ዓይናቸው ካሜራው ላይ ነው። እናጨበጭባለን። ፎቶው መጽሔታችን ሽፋን ላይ ይወጣል፤ ሥሩም «የተግባር ልምምድ በከፊል» የሚል ጽሑፍ ይኖረዋል። በከፊል የምትለዋ ቃል በሪፖርታችን ውስጥ ያለች ብቸኛ እውነት ሳትሆን አትቀርም።

ስላይዱ ላይማ ሁሉም ነገር ተሟልቷል። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ግፊት፣ ጥልቀቱ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር፣ ከ30 ግፊት በኋላ 2 ትንፋሽ። ሠልጣኙ በደብተሩ ጽፏል፤ ቢፈተንም ይደፍነዋል። አምስት ሴንቲ ሜትር ለእጅ ምን ያህል እንደሚከብድ ግን ደብተር አይናገርም። ክንድ ቀጥ ካላለ፣ ትከሻ ከመዳፍ በላይ ካልመጣ፣ የሰውነት ክብደት ካልወረደበት ያ ደረት አይወርድም። ከእያንዳንዱ ግፊት በኋላ ደግሞ ደረቱ ተመልሶ እንዲነሳ መልቀቅ አለ፤ ያልለመደ ሰው እዚያው ተደግፎ ይቀራል። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ጎረምሳውንም ላብ ያጠምቀዋል። ረዳቶች በየሁለት ደቂቃው ይቀያየሩ የሚባለው ለቅልጥፍና መስሎት ስንቱ አጣጥሎታል! ፍርሃቱም አለ። ጀማሪ ሁሉ «አጥንት እሰብር ይሆን?» ብሎ ይሳሳል፤ የጎድን አጥንት መሰንጠቅ በእርግጥም ያጋጥማል። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ የምታስተምረው ያቺ ሞላ ነበረች። እኛ ግን ሞላዋ እንዳትላላ፣ ፍርሃታችንም እንዳይለቀን ሁለቱንም በጥንቃቄ ጠብቀናል።

የልብ ማስነሻው መሣሪያም በክብር ከእሷ አያንስም። ለሥልጠና የተሠራው ይናገራል እንጂ ኤሌክትሪክ አይለቅም፤ ሕፃን ቢጫወትበትም አይጎዳውም። «እንዳትጠጉ፣ ይይዛል!» የሚባለው ግን ስለ እሱ ነው። ባትሪው ወጥቶ በሌላ ፖስታ ታሽጓል፤ ፖስታው የት እንዳለ የሚያውቁት ሰው ጡረታ ወጥተዋል።

ደም ማቆሚያውን ማሰሪያ፣ ተርኒኬቱን፣ ያየሁት በላስቲኩ ውስጥ ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሠልጣኙ ሁሉ በላስቲኩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበበ። አምራቾቹ አንዳንዱን ለልምምድ ብለው ሰማያዊ አድርገው ይሠሩታል፤ እየታሰረ እየተፈታ ያለቀው ዕቃ እውነተኛ ቁስለኛ ላይ እንዳይውል ነው። እኛ ዘንድ ይህ ሥጋት የለም። ዘንጉ ተጠምዝዞ ደሙ እስኪቆም ሲጠብቅ የሚያም ነገር መሆኑን፣ የታሰረበት ሰዓትም መጻፍ እንዳለበት የሚያውቅ እጅ የለንምና ዕቃችን ሁልጊዜ አዲስ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተንኮለኛ ሠልጣኝ ያነሳውን ላንሳ። ለተሰበረ ክንድ የሚሆነውን ባለ ሦስት ማዕዘን ጨርቅ ማውጣት ካልተቻለ በአጠገቡ በተቀመጡት ሴትዮ ነጠላ እንለማመድ ብሎ ጠየቀ። ነገሩ ይሠራል፤ ክንድ ማንጠልጠያ ከየትም ጨርቅ ይወጣል። ግን ነጠላ ሞዴል ቁጥር የለውም፣ ጨረታ አይወጣበትም፣ ከሪፖርቱም አይገባም። ሐሳቡ በጭብጨባ ታልፏል።

የመሥሪያ ቤቱ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥንስ? ግድግዳ ላይ አለ፤ ቀይ መስቀል ተሥሎበታል፤ ተቆልፏል። በፊት ክፍት ሳለ ፕላስተሩ ለአዲስ ጫማ ተረከዝ፣ አልኮሉ ለኮምፒውተር መወልወያ እየሆነ ስላስቸገረ ቁልፉ አስተዳደሩ መሳቢያ ገባ። አስተዳደሩ ስብሰባ ይወጣሉ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚለው ተረት ለዚህ ሣጥን ተብሎ የተተረተ ይመስላል።

ታዲያ አንድ ቀን አንድ ባልደረባ ኮሪደር ላይ ዝልፍልፍ ብሎ ይወድቃል እንበል። በዙሪያው ሰርተፍኬት ያለው እንጂ የሌለው የለም። «አየር! አየር!» እያለ ሁሉም ከቦት አየሩን ይዘጋበታል። አንዱ ክብሪት አጭሮ ያሸተዋል፣ አንዱ ቁልፍ ያስጨብጠዋል፣ አንዷ ውኃ ትረጫለች፤ ሲወድቅ ግንባሩ ከተፈነከተም ቡና የሚነሰንስበት አይጠፋም። ይተነፍስ እንደሆነ ያየ የለም። አንድ ብልህ 907 ደውሎ የቀይ መስቀልን አምቡላንስ ይጠራል፤ አምቡላንሱ ከሜክሲኮ አደባባይ የመኪና ሰልፍ እስኪወጣ ይጠበቃል። አእምሮ ያለ ኦክስጅን መጎዳት የሚጀምረው ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ይህ ጊዜ ለእኛ አሠራር ሞዴል 22 ተሞልቶ፣ ተፈርሞ፣ ተፈቅዶ ዕቃ ወጪ ለማድረግ እንደማይበቃ ማንም የሠራተኛ ልጅ ያውቃል።

ሪፖርታችን ግን እንከን የለውም፦ የታቀደው ሥልጠና ተሰጥቷል፣ በጀቱ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ውሏል፣ በንብረት ላይ የደረሰ ጉዳት የለም። የውጤታችንን መጠን የተመለከተው አጋር ድርጅት ሁለተኛ አን ሊገዛልን ቃል ገብቷል። የመጀመሪያዋ ብቻዋን መሆኗ አሳዝኖት ይመስለኛል። ለሁለቱም የሚሆን ባለ መስታወት ቡፌ በአዳራሹ መግቢያ እንዲሠራ ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ወስኗል፤ ጨረታውም ወጥቷል። አሁን ያላስማማን የቡፌው ቁልፍ ማን ዘንድ ይሁን የሚለው ብቻ ነው። ንብረት ክፍል «እኔ ዘንድ» ይላል፤ አስተዳደሩ መሳቢያቸው ውስጥ ቦታ አለኝ ብለው በደብዳቤ አሳውቀዋል።