ባለቤት ነህ?

ተረት ተረት፣ የላም በረት።

ዓባይ ከጣና ተነጥሎ መንገዱን በሚጀምርበት፣ ደንገሉ ጥቅጥቅ ባለበት ዳርቻ አንድ ጉማሬ ይኖር ነበር። ሰነፍ አልነበረም፤ ሌሊት ሌሊት ወደ ፎገራ እየዋኘ ከማሳ የተራረፈውን ሩዝ ለቃቅሞ ጎተራ ሞላ። ለበሩም ኤሊን ቀጠረ። ኤሊ የተመረጠችው በብልሃቷ አይደለም፤ ስለማትቸኩልና ጉቦ ስለማትበላ ነው።

በሩ ላይ ሰሌዳ ተንጠልጥሏል። በከሰል ሦስት መስመር ተጽፎበታል፤ የፊተኛው ለባለቤት፣ ሁለተኛው ለማኅበርተኛ፣ ሦስተኛው ለመንገደኛ። ማየት የተፈቀደለት አራት ጭረት አለው፤ ማኖርና ማንሳት የተፈቀደለት ሁለት፤ ማለፍ የተፈቀደለት አንድ። ሁሉም የተፈቀደለት ሰባት ይሞላለታል። ለጣና ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት አትገባም፤ ጎረቤቱ እንጦስ ኢየሱስ ግን ለሴት ክፍት ነው። ባለጀልባው ማንን የት እንደሚያወርድ ሳይነገረው ያውቃል።

ኤሊ አንዲት ጠባይ ነበረቻት። ከሦስቱ መስመር አንዱን ብቻ ነው የምታነበው። «ባለቤት ነህ?» ትላለች። ከሆንክ የፊተኛውን አንብባ ታቆማለች፤ የቀረውን ዞር ብላም አታየውም።

አንድ ክረምት ጉማሬ ሆዱን ፈራ። «ለዘር ያስቀመጥኩትን አንድ ሌሊት እጨርሰዋለሁ» ብሎ የራሱን መስመር በገዛ እጁ ጠረገው። በዝክሩ ቀን እንግዶች ገብተው ጎተራውን እንዲያደንቁለት ለመንገደኛ የጻፈው አምስት ጭረት ግን እዚያው ነበር። ረሳው።

መስከረም ጠባ። ጉማሬ ዘሩን ሊያወጣ መጣ።

«ባለቤት ነህ?»

«ነኛ! አታውቂኝም?»

ኤሊ የፊተኛውን መስመር አየች። ባዶ ነው። «አይቻልም።»

ለምን እንደማይቻል አልነገረችውም። (ኤሊ ምክንያት አትናገርም። እንዲህ ያለ የቢሮ መስኮት ፊት ቆሞ የማያውቅ አንባቢ ካለ ዕድለኛ ነው።) ወዲያው እመት ጦጢት ከዘጌ ጫካ ቡና ስትለቅም ውላ ደረሰች።

«ባለቤት ነሽ?»

«ኧረ አይደለሁም።»

«ማኅበርተኛስ?»

«አይደለሁም።»

ኤሊ ሦስተኛውን አነበበች። «እለፊ።»

ጦጢት ገብታ ጎተራውን ዞራ አይታ ወጣች። «አያ ጉማሬ፣ ሩዝህ እንዴት ነጥቷል! አየኸው?» አለችው። የበይ ተመልካች መሆን ያባት ነው፤ እሱ የተመልካች ተመልካች ሆነ።

«እሷ ገብታ እኔ እቀራለሁ?» ብሎ አገሳ።

«እሷ ባለቤት አይደለችም» አለች ኤሊ።

«እንግዲያው እኔም አይደለሁም!»

ኤሊ ጭቃው ላይ ዱካውን አየችና ዝም አለች።

ወሬው ዳርቻውን ሞላው። ቁራ ዋርካው ላይ ወጥቶ «ሰባት! ሰባት! ሰባት!» እያለ ጮኸ። ጩኸት መቼም ቶሎ ይሰማል። የሐይቁ ገዢ ንስር ነበር፤ ኤሊ እሱን ብቻ አትጠይቀውም፤ የማንንም ሰሌዳ ቢጽፍ ተው የሚለው የለም። ንስር ምን እንደ ተበላሸ ሳይመረምር ወርዶ ሦስቱንም መስመር ሰባት ሰባት አድርጎ ሞላው። ጉማሬ ገባ። ጦጢትም ከነዘመዶቿ፣ ዝይም፣ ቁራም ገባ። በሦስተኛው ቀን ጎተራው ውስጥ የቀረው የአይጥ ኩስ ብቻ ነበር። ንስር ተቆጥቶ ሰሌዳውን እንደ ነበረው መለሰና ሄደ። ቁራ አሁን ደግሞ «ጥፋቱ የኤሊ ነው፤ ትባረር» ይል ጀመር።

አንዲት አሮጊት ዳክዬ ነበረች። እሷ አልጮኸችም። ኤሊ አጠገብ ተቀምጣ ቀኑን ሙሉ የሚመጣው ሁሉ ሲጠየቅ እያየች፣ ማን በየትኛው መስመር እንደ ተነበበ ስትቆጥር ዋለች። ሲመሽ ጉማሬን ጠራችው።

«ልጄ፣ የፊተኛውን መስመር ማን ጠረገው?»

«እኔ፣ እማማ።»

«ከሰሉስ የት ነው?»

ጉማሬ ከጆሮው ኋላ ዳሰሰ። እዚያው ነበር።

ዳክዬዋ ወደ ኤሊ ዞረች። «መግባት የተከለከለ ባለቤት ሰሌዳውን መጻፍ ይችላል?»

«ይችላል» አለች ኤሊ።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽውም?»

«የጠየቀኝ ስለ በሩ ነው።»

ጉማሬ በፊተኛው መስመር ላይ ሰባት ጭረት ጫረ፤ የሦስተኛውን አምስት ጠረገ። «ባለቤት ነህ?» ተባለ፤ «ነኝ» አለ፤ ገባ። ባዶውን ጎተራ ሲጠርግ አደረ።

ይህችን ኤሊ እኔ የፈጠርኳት እንዳይመስላችሁ። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1969 በቤል ላብስ ከጀመሩት ዩኒክስ የተባለ የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና ቤት የወጣች ናት፤ ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 ባወጣው ሊነክስም በር ላይ ተቀምጣለች። ያላመነ፣ ሌሎች ተጠቃሚዎችም በሚገቡበት ፎልደር ውስጥ አንድ ፋይል ይፍጠርና በፈቃድ መቀየሪያው ትእዛዝ ሲኤችሞድ 004 ይበለው፤ ለባለቤትና ለማኅበርተኛ ባዶ፣ ለመንገደኛ አራት ጭረት ማለት ነው። የሥርዓቱ ገዢ ሩት ሆናችሁ ግን አትሞክሩት፤ ንስርን የሚጠይቅ የለም። ከቡድናችሁ ውጭ ያለ ተጠቃሚ ፋይሉን ከፍቶ ያነበዋል። እናንተን «ፐርሚሽን ዲናይድ» ትላችኋለች።