ሳይቸግር ሞተር ቅያሬ

የጎልፍ መኪና ሞተር ቅየራ በአሜሪካ ደቡብ፣ በተለይም በጆርጂያና በፍሎሪዳ ጓሮዎች የሚካሄድ፣ በደህና የምትሄድን መኪና ወደማትሄድ የመለወጥ ጥበብ ነው። ጥበቡ የሚሠራበት ዕቃ አያጣም። ታዋቂዎቹ አምራቾች ክለብ ካርና ኢዚጎ መቀመጫቸው በጆርጂያዋ ኦገስታ አካባቢ ነው፤ ከአትላንታ በስተደቡብ ባለችው ፒችትሪ ሲቲም ለእነዚህ መኪኖች፣ ለእግረኛና ለብስክሌት የተሠራ ወደ 160 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ አለ።

መነሻው ሁልጊዜ አንድ ነው። ፋብሪካው በብዙ ክለብ ካሮች ላይ የገጠመው የካዋሳኪ ሞተር 286 ሲሲ ነው፤ ጉልበቱም ወደ 9 ፈረስ። ሁለት ሰውና ሁለት ከረጢት የጎልፍ ዘንግ ጭኖ በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ገደማ ለመሄድ ይበቃል። ይበቃል ማለት ግን ለሞተር ቀያሪ ስድብ ነው። ስለዚህ ለውሃ ፓምፕና ለጄኔሬተር የሚሆን ባለ 420 ሲሲ ፕሬዴተር የተባለ ሞተር፣ ወኔ ለበረታበትም ባለ 670 ሲሲው ይገዛል። ሞተሩ ይገጠማል፣ ይነሳል፣ ጎረቤት ይቀሰቅሳል። ቪዲዮ ይቀረጻል። ቀጥሎ እጅ ወደ ማርሽ ዘንጉ ይሄዳል፤ ከመቀመጫው ሥርም ጥርስ ከጥርስ ሲፋጭ ይሰማል። ቪዲዮው እዚህ ላይ ይቆረጣል።

በዚህ ጊዜ የሚወገዘው ካምቢዮው ነው። ዕድሜውን ሙሉ አንድ ቅሬታ ያልቀረበበት ካምቢዮ፣ ሞተሩ በተቀየረ ማግስት በድንገት እንዳረጀ ይታመናል፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው። ዘንጉ በሁለት እጅ ይሳባል፤ እምቢ ካለ በእግር ይገፋል፤ አሁንም እምቢ ካለ እንዲረዝም የብረት ቱቦ ይቀጠልበታል። በመጨረሻ ካምቢዮው ይወርዳል፣ ይፈታል፣ ምንም አይገኝበትም። ምንም አለመገኘቱ ችግሩ ሥር የሰደደ ለመሆኑ ማስረጃ ይሆንና ሌላ ካምቢዮ ይታዘዛል። እሱም ይፋጫል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ሊደረግ የሚችል፣ ገንዘብ ስለማያስወጣ ብቻ የሚናቅ ምርመራ አለ፦ ሞተሩን አጥፍቶ ማርሽ መቀየር። ዘንጉ ወደፊትም ወደኋላም ያለ ድምፅ ከገባ ካምቢዮው በነጻ ይሰናበታል። ጥፋተኛው ያለው ከእሱ በፊት ነው።

የእነዚህ መኪኖች ፍሪሲዮን በእግር አይረገጥም። ሁለት ፑሌጃዎችና በመካከላቸው የተዘረጋ ሰፊ ቺንጋ ነው። የሞተሩ ዙር ሲጨምር ሞተሩ ላይ ባለው ፑሌጃ ውስጥ ያሉት ክብደቶች ወደ ውጭ ይገፋሉ፤ ሞላውን አሸንፈው የፑሌጃውን ሁለት ገጾች ያቀራርባሉ፤ ቺንጋው ተጨምቆ የኋላውን ፑሌጃ ያዞራል። ዙሩ ሲወርድ ሞላው ገጾቹን ያላቅቅና ቺንጋው ይለቃል። ካምቢዮው ደግሞ በተራ መኪና ውስጥ እንዳለው ጥርሶችን በእኩል ዙር አስማምቶ የሚያስገባ ክፍል የለውም። ጥርሶቹ በሰላም የሚገቡት ቆመው ሲገናኙ ነው።

ፋብሪካው ለዚህ መላ ነበረው። ነዳጅ መስጫው ሲረገጥ ሞተሩ ይነሳል፣ እግር ሲነሳ ይጠፋል፤ ማርሽ የሚቀየረውም ሁልጊዜ በጸጥታ ነው። ሞተር ቀያሪው ግን ይህን አሠራር ኋላ ቀር ሆኖ ስላገኘው ከነሽቦው ነቅሎ ጥሎታል፤ በምትኩ በቁልፍ የሚነሳ፣ ቆሞም የሚያጓራ ሞተር አምጥቷል። የእነዚህ ሞተሮች ሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ የሚዞሩበት ዙር፣ ዝቅተኛ አይደለም፤ የሆንዳ ጂኤክስ 390 ለምሳሌ በመመሪያው መሠረት በደቂቃ 1,400 ዙር ገደማ ነው። ሚኒሞ ለማያውቅ ሞተር የተበጀ ፍሪሲዮን በዚህ ዙር መያዝ ከጀመረ ቺንጋው ይጎትታል፣ ካምቢዮውም ማንም ሳያዘው ይዞራል።

መድኃኒቱ ጀብዱ የለበትም፤ ብዙዎች የሚሸሹትም ለዚህ ይመስላል። የኋላ ጎማዎቹ በጠንካራ ማቆሚያ ላይ ይነሳሉ፣ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ፣ እጅ ሳይጠጋ የኋላው ፑሌጃ ይታያል። የሚዞር ከሆነ የነዳጁ ኬብል ሙሉ በሙሉ መመለሱ ይረጋገጣል፣ ሚኒሞው በቪቴ ይቀነሳል፤ ካልበቃም በፊተኛው ፑሌጃ ውስጥ ጠንከር ያለ ሞላ ይገባል። ከሁሉ የሚቀለው የተጣለውን ሽቦ ፈልጎ እግር ሲነሳ ሞተሩ እንዲጠፋ ማድረግ ነው። ይህ ግን ፋብሪካው ልክ ነበር ብሎ ማመንን ስለሚጠይቅ ብዙ ፈላጊ የለውም።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ በሁለቱ ፑሌጃዎች መካከል ያለው ርቀት ነው፤ ይህም በሜትር ሳይሆን በዓይን የመለካት ልማድ ሰለባ ነው። ሲቀራረቡ ቺንጋው ይላላና መኪናዋ እየዘለለች ትነሳለች፤ ሲራራቁ ወይም ቺንጋው ሲያጥር ደግሞ በሚኒሞም አይለቅም። መስመራቸው ከተዛነፈ ቺንጋው ይሞቃል፣ የተቃጠለ ጎማ ሽታ ይመጣል፣ ባለቤቱም ሽታውን የጉልበት ምልክት አድርጎ ይተረጉመዋል። ከሁሉ የረቀቀው ስህተት ሞተሩን ሻንሲው ላይ ማሰር ነው። ፋብሪካው ሞተርና ካምቢዮን በአንድ መደብ ላይ የሚያስቀምጠው አብረው እንዲነሱና እንዲወድቁ ነው። ሞተሩ ሻንሲው ላይ ታስሮ ካምቢዮው ከባሌስትራው ጋር ሲዘል፣ የፑሌጃዎቹ ርቀት በየጉድጓዱ ይለዋወጣል፤ ጠዋት የተስተካከለው ከሰዓት ይበላሻል። የዚህም ጥፋት፣ እንደ ልማዱ፣ ለቺንጋ ሻጩ ይሰጣል።

ማርሹ በሰላም መግባት ሲጀምር የሚቀረው ፍጥነት ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰዓት ከ32 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ለሚሄዱ ትናንሽ ባለ አራት ጎማ ተሽከርካሪዎች የወንበር ቀበቶ፣ የፊት መብራትና መስታወት ያዛል። ትልቁን ሞተር የጫነችው መኪና እዚያ ለመድረስ አትቸገርም። ፍሬኗ ግን ብዙውን ጊዜ የኋላ ጎማዎችን ብቻ የሚይዘው፣ ለ24 ኪሎ ሜትር የታሰበው የድሮው ነው። እሱን መቀየር ድምፅ ስለማይጨምር በሥራው ዝርዝር ውስጥ አይገባም።