«ዋጋ በውስጥ መስመር»፦ በጋምቤላ ከተማ አነስተኛ ንግዶች ላይ የተካሄደ የዋጋ ስውርነት ጥናት

መግቢያ

ነጋዴ ዕቃውን አደባባይ ሲያወጣ ዋጋውንም አብሮ ያወጣል ተብሎ ለብዙ ዘመን ሲታመን ኖሯል። ማኅበራዊ ሚዲያ ይህን እምነት በሦስት ቃል አፈረሰው፦ «ዋጋ በውስጥ መስመር»። ይህ ጥናት ሐረጉ በጋምቤላ ከተማ የጫማ፣ የስልክ፣ የፍራሽና የሽቶ ነጋዴዎች ዘንድ ምን ሥራ እንደሚሠራ ይመረምራል።

ጋምቤላ የተመረጠችበት ምክንያት ሳይንሳዊ ነው። እንደ አዲስ አበባ ባለ ትልቅ ከተማ ዋጋ በራሱ ጊዜ ሊጠፋ ይችላል፤ ሰው ይበዛል፣ ሱቁ ይርቃል፣ ሕንፃው አይገኝም። በጋምቤላ ግን ሻጭና ገዥ ጠዋት ባሮ ድልድይ ላይ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፣ ቀትር ላይ ከአንድ ጥላ ሥር ውኃ ይጠጣሉ፣ ማታ በአንድ ባጃጅ ተጠጋግተው ይሳፈራሉ። እንዲህ ባለ ከተማ ዋጋን መደበቅ ከፍተኛ ጥረት ይጠይቃል። ጥናቱ የሚያከብረው ይህን ጥረት ነው።

ታሪካዊ ዳራ

ጋምቤላ ለንግድ ግንኙነት አዲስ አይደለችም። በ1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የተፈራረሙት የድንበር ውል በባሮ ዳር፣ በወንዙ በኩል ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር ያልበለጠ ቦታ ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ እንዲሆን በኪራይ ፈቀደ። ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ ከካርቱም የሚነሡ የእንፋሎት መርከቦች ጨውና የጥጥ ጨርቅ አምጥተው፣ የጎሬን ቡና፣ ሰምና ቆዳ ጭነው ይመለሱ ነበር። ወንዙ ሲጎድል ግንኙነቱ እስከሚቀጥለው ክረምት ይቋረጣል። ሆኖም መርከብ መድረሱን ለማወቅ ቻናል መቀላቀል አያስፈልግም ነበር።

ሁለተኛው የመቋረጥ ዘመን ከወንዙ ጋር አይገናኝም። ከየካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ቴሌግራም በመላ ሀገሪቱ ተገድበው እስከ ሐምሌ ቆዩ። በእነዚያ ወራት ጋምቤላ የተቀመጠ ሰው ጋምቤላ ያለ ጫማ ለማየት በቪፒኤን አድርጎ መጀመሪያ ኔዘርላንድስ መግባት ነበረበት። ፌስቡክም እንግዳ ተቀባይ ነውና የአምስተርዳም ብስክሌት አሳየው። ብስክሌቱ ዋጋው ተጽፎበት ነበር።

የጥናቱ ዘዴ

መረጃው የተሰበሰበው በምልከታ ነው። ለትንተና የቀረበው ልጥፍ የዘርፉን ጠባይ አሟልቶ የያዘ ነው፤ በሦስት የእሳት ምልክት ይጀምራል፣ በሁለት የመኪና ምልክት ያበቃል። መሐሉ እንዲህ ይነበባል፦

«አዲስ ገቢ! ኦርጅናል የወንድ ነጠላ ጫማ። ለጋምቤላ ሙቀት ተመራጭ። ያለን ውስን ፍሬ ነው፣ ሳያልቅ ይፍጠኑ! ዋጋ በውስጥ መስመር። አድራሻ፦ ከባንኩ ፊት ለፊት። ነጻ ዲሊቨሪ።»

«ውስን ፍሬ» የተባለው ጥቅምት ላይ ውስን ነበር፤ ሚያዝያም ላይ ያንኑ ያህል ውስን ነው። «ከባንኩ ፊት ለፊት» ሲባል የትኛው ባንክ እንደሆነ አልተገለጸም፤ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ የማያውቅ ደግሞ ቢነገረውም የሚጠይቀው ባጃጅ ነጂ ነው። «ነጻ ዲሊቨሪ» የሚፈጸመው በባጃጅ ሲሆን ሒሳቡን የሚከፍለው ገዥው ነው። ከክፍያ ነጻ የሆነው ሻጩ ነው።

ቀጥሎ የተደረገው ምልልስ እንዳለ ቀርቧል፦

«ሰላም፣ 42 ቁጥር አለ? ዋጋው ስንት ነው?»
«ሰላም ውድ ደንበኛችን። ዋጋ በውስጥ መስመር ነው።»
«ይሄ እኮ ውስጥ መስመር ነው።»
«ስልክዎን ይላኩልን፣ እንደውላለን።»

ስልክ ተላከ፤ ተደወለ።

«አቤት፣ የቱ ነበር ያሉት?»
«ነጠላ ጫማው። ስንት ነው?»
«ሱቅ ብቅ ይበሉና ይዩት። በዋጋ አንጣላም።»

ገዥው በዚህ ሰዓት ከሱቁ ማዶ ሻይ ይዞ ተቀምጧል። ሻጩም ያየዋል፤ ስልኩን ከጆሮው ሳያወርድ በሌላ እጁ ሰላም አለው።

የዋጋ ዑደት

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ማንኛውም ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በንግድ ቤቱ በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ወይም በዕቃው ላይ እንዲያመለክት ያዛል። ጥናቱ ይህን ለማረጋገጥ ወደ ሱቁ ገባ። በግልጽ በሚታይ ቦታ፣ ከቬንትሌተሩ ሥር፣ በላሚኔት የተሸፈነ ወረቀት ተለጥፏል። ወረቀቱ ላይ ያለው የቴሌግራም ቻናሉ ኪውአር ኮድ ነው፤ ከሥሩም «ሙሉ መረጃ በቻናላችን» ይላል። ቻናሉ ወደ ውስጥ መስመር፣ ውስጥ መስመሩ ወደ ስልክ፣ ስልኩ ወደ ሱቅ፣ ሱቁ ወደ ቻናሉ ይመራል። በዚህ ዑደት ዋጋው የትም ሳያርፍ ይዞራል። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ክፍያን የሰከንዶች ጉዳይ አድርጎታል፤ ምን ያህል እንደሚከፈል ማወቁ ግን አሁንም እስከ ዐርብ ይወስዳል።

ግኝት 1፦ ዋጋ ለምን ይሰወራል?

ነጋዴዎቹ ሦስት ምክንያት አላቸው። አንደኛው የጎረቤት ሱቅ ነው፤ ዋጋ ከተለጠፈ ጎረቤት ዐሥር ብር ቀንሶ ይሸጣል ይላሉ። ይሁንና ጎረቤትየው ዋጋ ማወቅ ሲፈልግ ቴሌግራም አይከፍትም፤ ልጅ ይልካል። ልጁ ጠይቆ የሚመለሰው የውስጥ መስመር መልእክት ከመነበቡ በፊት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት በይፋ አይነገርም፤ ከጥናቱ ግኝቶች ሁሉ ዋነኛው ግን ይኸው ነው። በጋምቤላ አንድ ፍራሽ አንድ ዋጋ የለውም። የእናት ልጅ ዋጋ አለ፣ የጎረቤት ዋጋ አለ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ዋጋ አለ። ክልሉ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የደቡብ ሱዳን ስደተኞችን ስለሚያስተናግድ የዕርዳታ ድርጅቶች መኪና ከከተማው አይጠፋም፤ ስለዚህ የነጭ ላንድክሩዘር ዋጋም አለ። ውስጥ መስመር ሲገባ ሻጩ መጀመሪያ የሚያየው ጥያቄውን ሳይሆን የጠያቂውን ፎቶ ነው። ከጀርባው ምን መኪና ቆሟል? አንገቱ ላይ ምን መታወቂያ ተንጠልጥሏል? የማን ወንድም ነው? ውስጥ መስመር የተፈጠረው ዋጋ ለመንገር ነው ተብሎ ይገመት ነበር፤ ጥናቱ የደረሰበት ግን ጠያቂውን ለመመዘን መፈጠሩን ነው።

ሦስተኛው ምክንያት እውነተኛው ነው። ዕቃው ከመርካቶ ተጭኖ በበደሌ፣ በመቱና በጎሬ አድርጎ እስኪደርስ ዋጋው መንገድ ላይ ያድጋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ ባንክ ውስጥ ከ60 ብር በታች የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት 100 ብርን አለፈ። ያን ሰሞን ዋጋ የጻፈ ነጋዴ በጻፈው ሸጦ፣ በሸጠበት ገንዘብ ያንኑ ዕቃ መልሶ ማምጣት አቃተው። ከዚያ ወዲህ ቁጥር መጻፍ ቢያስፈራው አይፈረድበትም። ሆኖም ቴሌግራም የተለጠፈን ጽሑፍ ማረም እንደሚፈቅድ፣ ይህም ከግድግዳ ቀለም ፍቆ እንደገና ከመጻፍ እንደሚቀል ለነጋዴዎቹ ተነግሯቸዋል። ማብራሪያ የሚፈልጉ መሆናቸውን ገልጸዋል፤ በውስጥ መስመር።

ግኝት 2፦ የታዳሚው ጠባይ

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የጋምቤላ ከተማ ነዋሪ 39,022 ነበር። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሀገር አቀፍ ቆጠራ ስላልተካሄደ፣ የአንዳንድ ሱቆች የቴሌግራም ሜምበር ብዛት ለሥነ ሕዝብ ተመራማሪዎች ተስፋ ሰጪ ምንጭ ይመስላል። ችግሩ «ሜምበር እንጨምራለን» የሚል አገልግሎት በገበያው ላይ መኖሩ ነው። የተገዛ ሜምበር ጫማ አይለብስም፣ ዋጋም አይጠይቅም፤ በዚህ ረገድ ከነጋዴው ጋር በሰላም ይኖራል።

«ቦስት እናደርጋለን» የሚሉም አሉ። ፌስቡክ የማስታወቂያ ክፍያ የሚቀበለው በውጭ ምንዛሪ በሚሠራ ካርድ ስለሆነ ነጋዴው ብሩን ለአገናኝ ይሰጣል፣ አገናኙም ልጥፉን ወደ ሕዝብ ይገፋል። ዋጋ የሌለው ልጥፍ ሲገፋ ዋጋ የሌለበትን ማስታወቂያ የሚያየው ሰው ይበዛል። «ዋጋ?» የሚለው ኮመንትም በዚያው ልክ ይጨምራል፤ ይህም ለነጋዴው «ኢንጌጅመንት» ተብሎ ሪፖርት ይደረጋል።

ከኮመንት ሰጪዎች መካከል በጣም ታማኞቹ «በርቺ እህቴ» የሚሉት ናቸው። አብዛኞቹ የሚጽፉት ከአሜሪካ፣ ከኦማሃ ወይም ከሚኒሶታ ነው፤ በዚያ በርካታ ኑዌሮችና አኙዋዎች ይኖራሉ። ጥናቱ በመጀመሪያ እነዚህን ከገበያው ውጭ አድርጎ ነበር፤ ኦማሃ ላይ ሆኖ የጋምቤላ ፍራሽ የሚገዛ የለም በሚል። ኋላ እንደታየው ግን ፍራሹን የሚገዛው እሱ ነው፤ ጋምቤላ ላለች እናቱ። ፎቶ ያያል፣ ገንዘብ ይልካል፣ ፍራሹ በባጃጅ አናት ታስሮ ይደርሳል። ማስታወቂያው ከከተማው ሰው ይልቅ ውቅያኖስ ማዶ ላለው የጠቀመው፣ እሱ ብቻ ሱቅ ብቅ ማለት ስለማይችል ነው። ስለዚህ ዋጋው ይነገረዋል። የሚነገረው የኦማሃ ዋጋ ነው።

ለዘርፉ ምሁራን የምንተወው አንድ እንቆቅልሽም አለ። ከተማዋ ገበያ የምትወጣው በብዙ አፍ ነው፤ በአኙዋኛ፣ በኑዌርኛ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ። ልጥፉ በየትኛውም ቢጻፍ ከፊሉ ሕዝብ ይቀርበታል። አስተርጓሚ ሳይፈልግ ለሁሉም እኩል የሚገባው ብቸኛው ነገር ቁጥሩ ነበር።

የቁጥጥር ቡድን

ለማነጻጸሪያ ባሮ ዳር ዓሣ የሚሸጡ ሴቶች ተመርጠዋል። እነዚህ ሴቶች ዓሣውን አንሥተው ያሳያሉ፣ ዋጋውን ጮክ ብለው ይናገራሉ። ለላንድክሩዘሩም ለእግረኛውም በአንድ ድምፅ ስለሚጮኹ የዋጋ ደረጃ ማውጣት አልቻሉም። ገዥው ያጉረመርማል፣ ጥቂት ያስቀንሳል፣ ዓሣውን በላስቲክ አንጠልጥሎ ይሄዳል።

ከዚህ ንጽጽር አንድ ሕግ ወጥቷል፦ የዋጋ ስውርነት ከዕቃው ዕድሜ ጋር አብሮ ያድጋል። በጋምቤላ ሙቀት ዓሣ ከቀትር አያልፍም፤ ስለዚህ ዋጋው ይጮኻል። ማንጎ ጥቂት ቀን ይሰነብታል፤ ዋጋው ሲጠየቅ ይነገራል። ጫማ ዓመት ይቆያል፤ በውስጥ መስመር ነው። ፍራሽ ዐሥር ዓመት ያስተኛል፤ ይደወላል። የቤት መሥሪያ ቦታ ዘላለማዊ ነው፤ «በአካል ብቻ»።

መደምደሚያና ምክረ ሐሳብ

ሕጉ ከተረጋገጠ መፍትሔው ቀላል ነው። ባለሱቁ ነጠላ ጫማውን ለማታ እንደማይደርስ ዕቃ ቆጥሮ ይለጥፍ፤ ዋጋውን፣ ቦታውን፣ ሰዓቱን።

ምክረ ሐሳቡ በመጠናቀቅ ላይ ሳለ የቁጥጥር ቡድኑ መበላሸቱ ታወቀ። ከዓሣ ሻጮቹ የአንዷ ልጅ ለእናቱ የቴሌግራም ቻናል ከፍቶላታል። ቻናሉ የእሳት ምልክት የለውም። ፎቶው ላይ ዓሣው ገና ውኃ ያንጠባጥባል፤ ግማሹን የልጁ አውራ ጣት ሸፍኖታል። ከሥሩ የትልቁ ዋጋ፣ የትንሹ ዋጋ፣ «ድልድዩ ሥር፣ እስከ 4 ሰዓት» የሚል ተጽፏል። 4 ሰዓት ሳይሞላ ልጁ «አልቋል» ብሎ ጻፈ።

ጥናቱ ጉዳዩን ወስዶ ለከተማው የማኅበራዊ ሚዲያ ነጋዴዎች አቀረበ። ልጥፉን በየተራ በጥሞና አዩት። ሴትዮዋ ማርኬቲንግ እንደማታውቅ በአንድ ድምፅ ተስማምተዋል።