ግራና ቀኝ የሌለው ጫማ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ይድረስ ለውድ ጋሼ፤

እኛ ከናፍቆታችሁና ከቤት ኪራዩ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለፈው ስንደዋወል «የሚጡን የእግር ቁጥር ላክልኝ፤ የዳንሷን ጫማ ራሴ ሰፍቼ እልክላታለሁ፤ ታድጋለችና ሁለት ቁጥር እጨምርበታለሁ» ሲሉኝ መስመሩ ተቋረጠ። እውነቱን ልናገርና፣ ያቋረጥኩት እኔ ነኝ። ዕድሜ ልኩን መርካቶ ጫማ ሲሰፋ ለኖረ ሰው «አይሆንም» የሚል ቃል እንዴት ከአፌ ይውጣ? አሁን ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው አግኝቻለሁና ነገሩን ከሥሩ ላስረዳዎ።

ልጄ ሚጡ የባሌ ዳንስ መማር ከጀመረች ስድስት ዓመት ሆኗታል። እስከ ዛሬ የምትጫማው ከካልሲ ብዙም የማይለይ ስስ ጫማ ነበር። ዘንድሮ 12 ዓመት ሲሞላት አስተማሪዋ ጠርታን «ለፖይንት ደርሳለች» አለችን። ፖይንት ማለት በእግር ጣት ጫፍ ቀጥ ብሎ መቆም ነው። ቆጥ ላይ ያለ ዕቃ ለማውረድ እንደምንንጠራራው እንዳይመስልዎ፤ እንደተተከለ ችካል ነው። እናቷ ወዲያው «ጣቷ ቢሰበርስ?» አለች። አስተማሪዋም «እስካሁን ያቆየኋት ለዚሁ ነው» አለች። ዕድሜ ብቻውን አይበቃም፤ የልጅ አጥንት ለጋ ነው፤ ቁርጭምጭሚቱም፣ ውስጥ እግሩም፣ ወገቡም ለዓመታት መጠንከር አለበት። በአንድ እግሯ አቁማ ተረከዟን ስንት ጊዜ ማንሳት እንደምትችል ቆጥራባታለች። እኔ መንጃ ፈቃድ ሳወጣ እንዲህ አልተፈተንኩም።

የፖይንት ጫማ የሚሸጥበት ቤት የሚገባው በቀጠሮ ነው። ጥርሴን ሲያመኝ እንኳ ቀጠሮ የማልይዝ ሰው ለጫማ ያዝኩ። ፀጉራቸው የሸበተ ሴትዮ ተቀበሉንና ገና ሰላምታው ሳያልቅ ምንጣፉ ላይ ተንበርክከው የሚጡን እግር በሁለት እጃቸው ያዙ። ጸሎተ ሐሙስ መሰለኝ። «ኧረ እማማ፣ ይነሱ!» ብዬ በአማርኛ ጮህኩ። እሳቸው ግን ጣቶቿን አንድ በአንድ ከዳሰሱ በኋላ «ግብፃዊ እግር ነው» አሉ። ለካ እዚህ እግር በሀገር ይመደባል። አውራ ጣቱ ረዝሞ ሌሎቹ እንደ ቁልቁለት ከወረዱ ግብፃዊ፣ ሁለተኛው ጣት ከበለጠ ግሪካዊ ይባላል። ጉድ በል ጎንደር! የዓባይ ነገር ሳይቋጭ እግራችንንም ወሰዱት።

ስፋቱን ደግሞ አንዳንዱ ፋብሪካ የሚለካው በኤክስ ነው፤ ኤክስ ሲበዛ ጫማው ይሰፋል። ሚጡ ሁለት ኤክስ ተሰጥቷት ደስ አላት። እኔ ደብተሬ ላይ ሁለት ኤክስ ይዤ የመጣሁ ቀን እርስዎ ያደረጉኝን አስታውሼ ዝም አልኩ።

የመጀመሪያውን ጥንድ እንዳጠለቀች እርስዎ ሲያደርጉ ያየሁትን አደረግኩ። ጎንበስ ብዬ የጫማውን አፍንጫ በአውራ ጣቴ ጫን አልኩ፤ ማደጊያ ይኑረው ብዬ። ድንጋይ ነው! ጥፍሬ ሊታጠፍ ምንም አልቀረው። ሴትዮዋ እጄን ቀስ አድርገው አነሱና «እዚህ ጫማ ውስጥ ማደጊያ የሚባል ቦታ የለም» አሉኝ።

ይህን ስሰማ ሦስተኛ ክፍል ስገባ የሰፉልኝ ቡናማ ጫማ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። አፍንጫው ውስጥ ጥጥ ጠቅጥቀውበት፣ የመስቀል ዕለት ጫማው ከእኔ ቀድሞ ደመራው ጋ ይደርስ ነበር። ጥጡ ሙሉ በሙሉ የወጣው ስድስተኛ ክፍል ስደርስ ነው፤ ያኔ ደግሞ ጫማው አልቋል። እኛ ቤት ጫማ የሚሰፋው ለሚመጣው ዓመት እግር ነበር። እነዚህ ሰዎች ለዛሬ ከሰዓት እግር ነው የሚሸጡት።

ምክንያቱን ሲነግሩኝ ግን አፌ ተያዘ። ጫማው ከሰፋ እግሩ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ያኔ የሰውነቷ ክብደት በሙሉ አውራ ጣቷ ላይ ይወድቅና ጥፍሯ ይጠቁራል። ከጠበበ ደግሞ ጣቶቿ ይጨራመታሉ። ልኩ ጣቶቹ ዝርግ ብለው ሲተኙና ጫማው ዙሪያቸውን እቅፍ አድርጎ ክብደቱን ሲጋራቸው ነው። «ጉልበትሽን እጠፊ» ይሏታል፤ በዚህ ጊዜ ጣቶቿ ጫፉን መንካት አለባቸው፣ መታጠፍ ግን የለባቸውም። ቀጥሎ የግድግዳውን ዘንግ ይዛ በጫፏ ትነሳለች፤ ሴትዮዋ ተረከዟ ላይ ያለውን ሳቲን በሁለት ጣት ይቆነጥራሉ። ትንሽ ከተቆነጠረ ደህና ነው፤ እፍኝ ሙሉ ከመጣ ይውለቅ! የጎኑ ክንፍ የአውራ ጣቷን መጋጠሚያ ካልሸፈነ ይውለቅ! ከሥር ያለው ጀርባው ድርቅ ብሎ ጫፉ ላይ በደንብ ካላወጣት፣ ወይም ልፍስፍስ ብሎ ወደ ፊት ከጣላት፣ አሁንም ይውለቅ! መርካቶ ቢሆን ኖሮ ባለሱቁ ገና በአራተኛው «እመቤት፣ መንገድ ይልቀቁልን» ይለን ነበር። አሥራ አንደኛውን አድርጋ ስትነሳ ግን ማንም ምንም አላለም። እኔም የመኪና ማቆሚያውን ሂሳብ ረስቼ ነበር።

አሁን ወደ ሙያዎ ልምጣ። ያ ድንጋይ የመሰለው አፍንጫ ሳጥን ይባላል። እንጨት ወይም ብረት ያለበት መስሎኝ ነበር። ጆንያ፣ ወረቀትና ሙጫ ነው! ተደራርቦ ተለጥፎ ላዩን ሳቲን ያለብሱታል። ፎርማው ላይ ውስጡ ወደ ውጭ ሆኖ ይሰፋል፤ ከዚያ እንደ ካልሲ ይገለብጡትና ሙጫው እንዲጠነክር ምድጃ ውስጥ ያሳድሩታል። ከሥር ያለችው የቆዳ ሶል ከምላስ አትሰፋም፤ ውስጡ ግን ከቆዳና ከካርቶን የተሠራ ጀርባ አለው። ደግሞ ይቀመጡና ይስሙኝ፦ ግራና ቀኝ የለውም። ሁለቱም አንድ ናቸው። የቱ ለየትኛው እግር እንደሚሆን ልጅቷ ናት ቀስ በቀስ የምትወስነው። እርስዎ ይህን ቢያደርጉ ደንበኛው ፖሊስ ይጠራ ነበር።

በፈረንጆቹ 1929 ለንደን ውስጥ የተቋቋመ ፍሪድ የሚባል ቤት አለ። እዚያ እያንዳንዱ ሰፊ ሶሉ ላይ የራሱን ምልክት ያትማል፤ አንዱ መልሕቅ፣ አንዱ ዓሣ፣ ሌላው ደወል። ዳንሰኞቹ ሰውየውን በአካል ሳያውቁት በምልክቱ ይለዩታል፤ ጡረታ ሲወጣ ሐዘን ነው። እርስዎን አሰብኩ። ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጣችው ማሪ ታልዮኒ ናት ይባላል፤ በ1832 ፓሪስ ላይ «ላ ሲልፊድ»ን በጣቷ ጫፍ ስትጨፍር ጫማዋ ሳጥን እንኳ አልነበረውም። ጎንና ጫፉ በመርፌ ጥቅጥቅ ተደርጎ የተጠለፈ ስስ ሳቲን ነበር። የጣቷን ነገር እግዜር ይወቀው።

የሚጡ ጫማ ዋጋው ከ100 ዶላር በላይ ነው። ወደ ብር ልመነዝረው ስል ባለቤቴ እጄን ያዘችኝ። ከዚያ የባሰው ዕድሜው ነው፤ ላብና ጭነት ሙጫውን ሲያለዝቡት ጫማው «ሞተ» ይባላል። ዋና ዳንሰኛ አንዱን ጥንድ በአንድ ምሽት ልትጨርስ ትችላለች። ያስቡት፣ የሰፉለት ደንበኛ በማግስቱ ሲመለስ! ለሚጡ ዓይነቷ በሳምንት ጥቂት ደቂቃ ለምትቆም ጀማሪ ወራት ይቆያል አሉኝ፤ እግሯ ካልቀደመው።

ቀለሙ ሌላ ታሪክ ነው። ይህ ጫማ ለዘመናት ሮዝ ነበር፤ ሮዙ የፈረንጅ ቆዳ እንዲመስል ነው። የእኛን መልክ የያዙ ዳንሰኞች ከቆዳቸው እንዲገጥም የፊት መዋቢያ ሲቀቡት ኖረዋል። ፍሪድ እንኳ ቡናማውን መሥራት የጀመረው በ2018 ነው። አሁን በአንዱ ፋብሪካ ካፑቺኖ፣ ሞካና ኤስፕሬሶ የሚባሉ ቀለሞች አሉ። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ «በረካውስ?» አለች። ሚጡ ግን ቀልድ አላማራትም። ክፍሏ ግድግዳ ላይ የሚስቲ ኮፕላንድን ፎቶ ለጥፋለች፤ በ2015 በአሜሪካን ባሌ ቲያትር የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ዋና ዳንሰኛ የሆነችውን። ሞካን መረጠች። ሞካ የየመን ወደብ ነው፤ ቡናችንን በራሱ ስም ሲሸጥ የኖረ። ይሁን፣ ለዛሬ ተውኩት።

ከፍለን ልንወጣ ስንል ሪባኑና ላስቲኩ ለብቻ ተጠቅልለው ተሰጡን። መስፋቱ የባለቤቱ ሥራ ነው፤ ያውም አስተማሪዋ ጫማውን አይታ ካጸደቀች በኋላ። ደስ አለኝ! የጫማ ሰፊ ዘመድ አይደለሁም? «ለኔ ተዉት» አልኩ። ተረከዙን ወደ ውስጥ አጥፌ ሪባኑ የሚያርፍበትን ቦታ ለየሁ። በመደበኛ ክር ፋንታ ጥርስ የሚያጸዱበትን ጠንካራ ክር ተጠቀምኩ፤ ዳንሰኞቹም እንደዚያ ያደርጋሉ። የሪባኑ ጫፍ እንዳይተረተር በላይተር ለብለብ ሳደርገው የጭስ ማስጠንቀቂያው ጮኸ፤ ጎረቤት ወጣ። አራት ሪባን ሰፍቼ ጨረስኩና ሚጡ የአፉን ማጥበቂያ ገመድ ብትስበው አልንቀሳቀስ አለ። ለካ ገመዱን አብሬ ሰፍቼዋለሁ። እስከ እኩለ ሌሊት ስተረትር የእርስዎ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ነበር፦ «አንተ ልጅ፣ አንተ እንኳ ትምህርትህን ተማር።»

እናም ጋሼ፣ ቁጥሯን ያልላኩት ለዚህ ነው። ልፋትዎ እንዳይቀር ግን አስተማሪዋን ለምኜ ከትልልቆቹ ልጆች የሞተ ጫማ ተቀብያለሁ። ይህን ደብዳቤ ለሚያመጣው ሰው ሰጥቼዋለሁ፤ በቢላዎ ሰንጥቀው ጆንያውን ይዩት። ሰውየው ሻንጣዬ ሞልቷል ብሎ አስቸግሮኝ አንዱን ብቻ ነው የወሰደልኝ። ግራው ይሁን ቀኙ እንዳይጠይቁኝ።

አክባሪ ልጅዎ